ድምፁ ሳይቆም የወረደው ድስት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የመጨረሻዋ አሠሪዬ ጋቢ አለበሰችኝና «እትዬ አስካለ፣ እጅዎ ይባረክ» ብላ አስጨበጨበችልኝ። አንዷ ልጅ በስልኳ ፎቶ አነሳችን። ፎቶው እስካሁን አለ፤ እኔ አፌን ከፍቼ እስቃለሁ። ምን ተብሎ እንደሳቅኩ ግን አላውቅም። «እጅዎ ይባረክ» ያለችውንም በኋላ ነው የነገሩኝ፤ ያን ጊዜ ሰው ሲስቅ አይቼ ነው የሳቅኩት።

ሥራዬ ዘይት ነበር። ሰበታ ኑግ ስጨምቅ፣ ቡራዩ ከበርሜል ወደ ጠርሙስ ስቀዳ፣ ሱሉልታ ደግሞ ዘይት በጦስኝና በኮሰረት፣ በነጭ ሽንኩርትና በጥብስ ቅጠል ሳበስል ዕድሜዬ አለቀ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ቤቴ ተቀምጬ ያንኑ ስሠራ ነበር። አሁን አልሠራም። ቤቴ ውስጥ ዘይት የምትባል ነገር የለችም ብል ይቀላል፤ ወጡንም ልጄ ነች ሠርታ የምትልክልኝ።

ምክንያቱ ሰናይት ናት። ሰናይት ጎረቤቴና የሥራ ባልደረባዬ ነበረች፤ በሠራነው ዘይት ሞተች። የሰፈሩ ሰው «ቸኩላ ድስቱን ሳይደርስ አወረደችው» ይላል። እናቷ ሳትቀር እንዲያ ብላ ነው ያለቀሰችው። ሰናይት ግን አልቸኮለችም። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ይህችን አንዲት ነገር ለማስተካከል ነው። ነገሩ እንዲገባችሁ ግን ከሰበታ፣ ከመጭመቂያው ቤት መነሣት አለብኝ።

ሰበታ የገባሁት በሃያ አንድ ዓመቴ ነው። መጀመሪያ ግቢው ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ኑግ አበጥር ነበር፤ ድንጋዩን፣ ጭዱን፣ የአይጥ ኩሱን ለይቶ መጣል። ወሬ የሞላበት ሥራ ስለሆነ ቀኑ ቶሎ ይመሻል። በሁለተኛው ዓመት አንዷ ሠራተኛ ወልዳ ስትቀር ወደ ውስጥ አስገቡኝ። ውስጥ ለሚሠራ ሰው «የማሽን» የሚባል ትንሽ ጭማሪ ነበረው፤ ያቺ ጭማሪ ደግሞ የቤት ኪራይ ነበረች።

ሦስት መጭመቂያ በአንድ ቆርቆሮ ቤት ሲሠራ አስቡት። ሞተሩን ከመጭመቂያው የሚያገናኘው ጎማ ቺንጋ ይባላል፤ እሱ ብቻውን ጆሮ ይበጥሳል። ዘይቱ በአንድ በኩል ይወርዳል፤ የተጨመቀው ገለባ፣ ፋጉሎው፣ በሌላ በኩል ትኩስ ትኩሱን ይወድቃል፤ ወለሉም ግድግዳውም ይንቀጠቀጣል። ውስጥ በእጅ ነበር የምናወራው። ለምሳ ስንወጣ ግን አንዳችን ሌላችን ላይ ስለምንጮህ መንገደኛው የተጣላን ይመስለው ነበር።

ጆሯችን እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ማንም ግን አይናገርም። ቺንጋ ሲበጠስ መጀመሪያ ያፏጫል፤ ያን ያልሰማ ሰው ይቆረጣል። ስለዚህ ጆሮው ደከመ የተባለ ሠራተኛ ወደ ግቢ፣ ወደ ማበጠሩ ይመለሳል፤ ጭማሪውም አብሮ ይቀራል። ያልሰማነውን እንደሰማን ሆነን ራሳችንን መነቅነቅ የተማርነው እዚያ ነው። ሰው ሲስቅ መሳቅ፣ ፊቱ ሲጠቁር «እግዜር ያውቃል» ማለት። «እግዜር ያውቃል» የማይሆንለት ወሬ የለም። አንዴ ሒሳብ ሹሙ «ሰዓቱ ስንት ነው?» ብሎኝ «እግዜር ያውቃል» ብዬው ሲስቅብኝ ሰንብቷል።

የመጭመቂያው ዋና ኃላፊ ኦቦ ደቻሳ ነበሩ። የፉሪ ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ከባርኔጣቸው የማይለዩ፣ ወሬ የማይወዱ። ጠዋት የመጀመሪያው ዘይት ጠብ እስኪል ከማንም ጋር አይነጋገሩም። እጃቸውን የሚታጠቡት በሳሙና ሳይሆን በትኩስ ፋጉሎ አሽተው ነው፤ «ዘይትን የሚያወጣው ዘመዱ ነው» ይላሉ። ፋጉሎውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው፣ ማሽኑ መጥበቁን ወይም መላላቱን በሽታው ያውቁ ነበር። እኔን አልወደዱኝም መሰለኝ መጀመሪያ። አንድ ቀን ሻካራ ኑግ ገብቶ የማሽኑ ድምፅ ሲለወጥ ከሳቸው ቀድሜ ሮጬ አጠፋሁት። ከዚያ ወዲህ «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለት ነው።

በቅጠል ዘይት ማብሰል የተማርኩት ፋብሪካ ውስጥ አይደለም፤ ፉሪ ከቤታቸው ነው። ባለቤታቸው ቅቤ በሐኪም ተከልክለው ነበር። ኦቦ ደቻሳ ደግሞ ሚስታቸው ጣዕም የሌለው ወጥ ሲበሉ ማየት አልቻሉም። ስለዚህ በንጥር ቅቤ ላይ የሚገባውን ኮሰረትና ነጭ ሽንኩርት በኑግ ዘይት ላይ ማንጠር ጀመሩ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እሄድና አጠገባቸው ቁጭ እላለሁ።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። ኮሰረቱ ፀሐይ አያየውም፤ ጥላ ላይ ተንጠልጥሎ በጣት ሲታሽ ድምፅ እስኪሰጥ ይደርቃል። ነጭ ሽንኩርቱ ስስ ተደርጎ ይከተፍና በወንፊት ላይ ቀንና ሌሊት ያድራል። ዘይቱ በጥቂት ከሰል ላይ ይጣዳል፤ እሳት የሚጨምርባቸውን ሰው በማማሰያ ይመቱታል። ሽንኩርቱ ሲገባ ቸስ ይላል፣ ይንጣጣል። «የሚጮኸው ዘይቱ አይደለም፤ ውስጡ ያለው ውሃ ነው» ይሉኛል። ውሃው ተንጣጥቶ ሲያልቅ ድስቱ ዝም ይላል። ዝም ካለ በኋላ ሦስት ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት ደግመው ነው የሚያወርዱት። ኮሰረቱ ከወረደ በኋላ ይገባል፤ ሲበርድ በንጹሕ ሻሽ ይጠለላል። ዓይናቸውን ፈጽሞ አያምኑም ነበር። የኑግ ዘይት መልኩ ከማሳ ማሳ ይለያያል፤ ቀላ አልቀላ እያልሽ ስታይ ያታልልሻል ባይ ናቸው።

እኔ ወሬ ስጀምር ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ ያደርጋሉ። «ጨሊሲ፣ ኢንተላ ኮ። ዝም በይ። መጀመሪያ እሱ ይጨርስ፤ ከዚያ አንቺ ታወሪያለሽ።»

ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ እሑድ ስሄድ አዲስ ነገር አየሁ። ቀዝቃዛ ብርጭቆ በድስቱ አፍ ላይ ደፍተው ይይዙና ያነሡታል፤ ወደ መስኮቱ አዙረው ያዩታል፤ በነጠላቸው ጠርገው ደግሞ ይደፉታል። ብርጭቆው ካላበው ውሃ አለ ማለት ነው፤ ደረቅ ሆኖ ከተነሣ ውሃው አልቋል።

«ኦቦ ደቻሳ፣ ምነው? ድስቱን ውሃ ሊያጠጡት ነው?» አልኩና ሳቅኩባቸው።

«እንዲሁ ነው» አሉኝ። «ልማድ ነው።»

በሽማግሌ ልማድ ሳቅኩ። ብርጭቆ ይዞ መንጎራደድ ሙያ የሌለው ሰው ሥራ መሰለኝ፤ እኔ በጆሮዬ የማውቀውን። እሳቸው ካረፉ በኋላ ለልቅሶ ስሄድ ባለቤታቸው አጠገቤ ተቀምጠው፣ «ስንት ዓመት አይሰሙም ነበር መሰለሽ። ስጠራቸው እጃቸውን እነካ ነበር እኮ» አሉኝ። የብርጭቆው ነገር ያን ጊዜ ገባኝ። ግን ስለ እሳቸው ነበር የገባኝ። ስለ ራሴ ለማሰብ ፊቴን እንኳ አላዞርኩም። እሳቸው ደንቁረው ነበር፣ እኔ ግን ደህና ነኝ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

መጭመቂያው የተዘጋው የፓልም ዘይት ገበያውን ሲሞላው ነው። ኑጉ ተወደደ፤ ባለቤቱ ማሽኖቹን ለብረት ገዢ ሸጦ ግቢውን መጋዘን አደረገው። የሥራ ልምድ ወረቀት ሰጡኝ፤ «ጠባይዋ መልካም» ይላል። ከዚያ ቡራዩ አንድ የዘይት ማከፋፈያ ውስጥ ከበርሜል ወደ ጠርሙስ ስቀዳ ጥቂት ዓመት ቆየሁ። አለቃው ሰው ሁሉ ሌባ የሚመስለው፣ ስንወጣ ቦርሳችንን የሚያስፈትሽ ሰው ነበር። ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም። ከሥራ ገበታዬ ጸጥታ ያገኘሁበት ብቸኛ ቦታ ግን ያ ነበር፤ ጸጥታው ከቤቱ ይሁን ከጆሮዬ አላጣራሁም።

ሱሉልታ ስገባ ሙያዬ ዋጋ አገኘ። አሠሪዬ ለሆቴሎች በቅጠል የበሰለ ዘይት የምታዘጋጅ ወጣት ሴትዮ ናት። ጦስኙን ከተራራው የሚለቅሙ ሴቶች በጀርባቸው ተሸክመው ያመጡልናል። ሴትዮዋ መጀመሪያ ላይ እርጥብ የጥብስ ቅጠል ጠርሙሱ ውስጥ ቆሞ እንዲታይ ትፈልግ ነበር።

«ለዓይን ያምራል እትዬ» አለችኝ።

«ለዓይን ነው የምትሸጪው ለሆድ?» አልኳት። «እርጥብ ነገር ዘይት ውስጥ አይገባም። ካልሽ ግን ጠርሙሱን የኔ እጅ አይነካውም።»

አልሰማችኝም። በአሥረኛው ቀን ዘይቱ ደፈረሰ፣ ክዳኖቹ እየተነሡ መደርደሪያው ሁሉ ሸተተ። ጠርሙሶቹን ራሷ በጋሪ አስጭና ስታስጥል ተንጠራርቼ አየኋት። ከዚያ በኋላ «እትዬ አስካለ ዝም ብሏል ካሉ ዝም ብሏል» ሆነ ሕጉ። ይህች ቃል ገደለችን። ኩራት ደግሞ እንደ ኮሰረት ነው፤ ትንሽ ስትሆን ታጣፍጣለች፤ ስትበዛ ምሬቷ ከምላስ አይወርድም።

አሁን ነገሩን መልሼ ሳስበው ሱሉልታ ዘይቱን ያዳምጥ የነበረው የኔ ጆሮ አልነበረም። አብረውኝ የሚሠሩት ሴቶች ድስቱ መጮሁን ሲያቆም ቀና ብለው «እትዬ፣ ዝም አለ አይደል?» ይሉኛል። እኔ ከንፈራቸውን አያለሁ፤ ድስቱን አያለሁ፤ «ዝም ብሏል፣ አውርዱት» እላለሁ። እነሱ ከኔ የተማሩ ይመስላቸዋል፤ እኔም ያስተማርኳቸው ይመስለኛል። ስንት ዓመት በሰው ጆሮ እንደኖርኩ አላውቅም። ልጄ «እማዬ፣ ስልክሽ እየጮኸ ነው እኮ» ስትለኝ «እያወቅኩ ነው የተውኩት» እላት ነበር።

ጡረታ ስወጣ ቡራዩ፣ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው በኩል ያለችው ቤቴ ተቀመጥኩ። ሰናይት ከጎኔ ካለው ግቢ ሁለት ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር፤ የአዲስ አበባ ኪራይ ሲከብዳቸው ነው የመጡት። ባሏ ታምራት የአይሱዙ ሹፌር ነው፤ ሳምንት ሳምንት መንገድ ላይ ይቆያል። ቤዛ የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ አለቻቸው። ሰናይት ከተማ ውስጥ ቢሮ ትሠራ ነበር፤ የታክሲ ሰልፉ ሲያንገሸግሻት ተወችው። ትንሽ ሴት፣ እጇ ንጹሕ፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ መሆኑን ግን ሌላ ሰው ነው የነገረኝ።

«እትዬ፣ ያስተምሩኝ» ብላ መጣች። አስተማርኳት። የኦቦ ደቻሳን ሁሉንም ነገር፣ የጥላውን፣ የወንፊቱን፣ የከሰሉን፣ የሻሹን። ብርጭቆው ሲቀር። ለምን እንደተውኩት ጠይቁኝ፤ ስለናቅኩት ነው። ሁለታችን ሆነን ለሰፈሩና ለጥቂት ሱቆች እንሠራ ጀመር። እሷ ትከትፋለች፣ እኔ አበስላለሁ፣ እሷ ታጠልላለች። ሥራ ላይ ሳለን አንድም ቀን ተቃውማኝ አታውቅም። አንዴ ጨው አብዝቼ የሠራሁትን ሽሮ ሁለት ጭልፋ በልታ «ይጣፍጣል» ያለች ሴት ናት። እንዲያ ነው ያሳደጓት፤ ታላቅ ሲናገር ዝም ይባላል።

የሁዳዴ ጾም ሊገባ ነበር። በጾም ሰው ዘይት አይለየውምና ትእዛዙ በዛ። ሰማዩ ደመና ነበር፤ ትእዛዙም ቀን ስለማይሰጥ ነጭ ሽንኩርቱ እንደ ወትሮው ቀንና ሌሊት አላደረም፤ ጠዋት ከትፈን ከሰዓት ጣድነው። እርጥበቱ በእጄ ይታወቀኝ ነበር። «ድስቱ ላይ ትንሽ ይቆይ፣ እዚያ ይደርቃል» አልኩ። እውነትም ቢቆይ ይደርቅ ነበር።

የሽንኩርቱ ጠርዝ ወርቅ መሰለ። ጎንበስ ብዬ አዳመጥኩ። ምንም የለም። አቡነ ዘበሰማያት ሦስቴ ደገምኩና፣ «ዝም ብሏል፣ አውርጂው» አልኳት።

ሰናይት ድስቱን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ። ጨርቁን በእጇ እንደያዘች ትንሽ ቆመች።

«ምነው?» አልኳት።

«ምንም፣ እትዬ። እሺ።»

አወረደችው። ኮሰረቱን ጨመርን፤ ሲበርድ አጠለለች፤ የጠለለው በጠርሙስ ሆኖ ለደንበኞች ሄደ። ከሥር የቀረው ነጭ ሽንኩርት ከነዘይቱ በአንድ ማሰሮ ተጠራቀመ። ሌላ ጊዜ እጥለው ነበር። የዚያን ዕለት ግን አሳዘነኝ፤ የጾም ምግብ አይጣልም። «ይህን አትድፊው፤ ለዳቦ ይሆንሻል» ብዬ በእጄ ሰጠኋት። ከምድጃዋ በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው፤ ሙቀት ከማይለየው ቦታ። ቤዛ ነጭ ሽንኩርት አልወድም ብላ አልቀመሰችውም። ታምራት መንገድ ላይ ነበር። ብቻዋን ነው የበላችው፣ እያጣጣመች።

ከሳምንት በኋላ አንድ ጠዋት በሬ ላይ ቆማ፣ «እትዬ፣ ዓይኔ ሁለት ሁለት ያሳየኛል» አለችኝ። ፊት ለፊቴ ስለቆመች ከንፈሯን አይቼ ገባኝ። የዓይኗ ቆብ ወድቆ እንቅልፍ የያዛት ትመስል ነበር። ደክሟት ነው አልን። ማታ ታምራት ሲገባ ውሃ መዋጥ አቅቷታል። በማግስቱ ጠዋት ጤና ጣቢያ ወሰድናት። እዚያ ያለው ሐኪም ዓይኗን በባትሪ አየና፣ «ታሽጎ የከረመ ምግብ፣ በዘይት የተቀመጠ ነገር በልተሻል?» ብሎ ጠየቃት። ጥያቄውን ለኔ የነገረኝ ታምራት ነው። የራሴ ዓይን ያየውን ግን ማንም አልነገረኝም፤ ሰናይት ቀስ ብላ ዞራ እኔን አየችኝ።

አዲስ አበባ ውሰዷት ተባለ። በታምራት አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ሦስታችን ተደርድረን ሄድን፤ እሱ እየነዳ፣ እሷ መሐል፣ እኔ በመስኮቱ በኩል። ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለች። ሞተሩ ያጓራል። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ አፏ እንደ ልቡ ስለማይከፈት ከንፈሯን ማንበብ አልቻልኩም። ረጅም ነገር ነው የተናገረችው። ጨርሳ ዓይኔን ዓይኔን አየችኝ፤ መልስ ትጠብቃለች። እኔም የአርባ ዓመት ልማዴን አደረግኩ፤ ራሴን ነቀነቅኩና እጇን ይዤ «አይዞሽ፣ አይዞሽ ልጄ» አልኳት። እሷም ዓይኗን ጨፈነች። ሆስፒታል እንደደረስን መተንፈሻ ማሽን ላይ አደረጓት፤ ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። ከሁለት ሳምንት በኋላ አረፈች።

ሐኪሞቹ አስረዱን። በደንብ ያልደረቀ ሽንኩርት አየር በማይገባበት ዘይት ውስጥ ሙቀት ላይ ሲቀመጥ መርዝ ያፈራል፤ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። የቀሩትን ጠርሙሶች እያለቀስኩ ቤት ለቤት ለቀምኩ፤ የተጠለለውን ከበሉት የታመመ አልነበረም። ሁለት የጤና ባለሙያዎች መጥተው ማሰሮውን ከሰናይት ቤት ወሰዱ፤ ከዚያ ወደኔ ቤት ገቡ። አንደኛው ወጣት ነው፤ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ጮክ እያለ ነው የጠየቀኝ፤ ጆሮዬ እንደደከመ እሱስ ገብቶት ነበር መሰለኝ።

«ድስቱን ያወረደው ማን ነው?»

«ሰናይት» አልኩ።

ውሸት አይደለም። እጁ የሷ ነው። ግን ከዚያ የባሰ ውሸት በሕይወቴ ተናግሬ አላውቅም። ሰውየው ጻፈው። ቃሉ ከቤቴ ወጥቶ ሰፈሩን ሲዞር ሳምንት አልፈጀበትም፤ ልጅቷ ቸኩላ ነው ተባለ።

አርባዋ በወጣ ዕለት ታምራት ሰው እስኪሄድ ጠብቆ አጠገቤ መጣ። ከፊት ለፊቴ ቁጢጥ ብሎ ስለተቀመጠ ሁሉንም ለየሁት።

«እትዬ አስካለ፣ መኪና ውስጥ ስላደረጉላት ነገር እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ።

ምን እንደሆነ ስላላወቅኩ ከንፈሩን እከተል ነበር።

«‹ድምፁ ሳይቆም ነው ያወረድኩት፤ እየሰማሁት ነው ዝም ያልኩት፤ በስምዎ ነው የተሸጠው፤ ይቅር ይበሉኝ› ስትልዎት እኮ እኔ መሪ ይዤ ሰምቻለሁ። ‹አይዞሽ› አሏት። ያቺ ቃል ባትኖር እንዴት ትሄድ ነበር? እኔ ራሴ በሷ ስናደድ የርስዎ ይቅርታ ትዝ ይለኛል፤ አሮጊቷ ይቅር ካሏት እኔ ማን ነኝ እላለሁ።»

ድስቱ ይጮህ ነበር። ሰናይት እየሰማችው ነበር። አውርጂው ያልኳት እኔ ነኝ፤ እሷ ግን ያን አልተናገረችም፤ እስከ መኪናው ድረስ ገመናዬን ሸፍና «እኔ ነኝ» አለች። ያን ጊዜ ለታምራት ሁሉንም መንገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። ያወጣሁት ቃል «እግዜር ያውቃል» የሚል ነበር። እጄን ስሞኝ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት መተረክ አልፈልግም። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ቅዳሴው አይሰማኝም፤ ቤት ውዬ ራሴን እሰማለሁ። ልጄ መጥታ፣ ተቆጥታ፣ ጎትታ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ «ስንት ዓመት እንዲህ ኖሩ?» አለኝ። የመስሚያ መሣሪያ ተገዛልኝ። ልጄ ስትሄድ፣ ብቻዬን ስሆን፣ ወደ ማድቤት ገባሁ። ትንሽ ዘይት ጣድኩ። እርጥብ ነጭ ሽንኩርት ከትፌ ጣልኩበት።

እንዲህ ይጮህ ነበር እንዴ? ቤቱን ሞላው። በዝናብ ቀን ቆርቆሮ ላይ የሚወርደውን በረዶ ነው የመሰለኝ። ሽንኩርቱ ወርቅ ሲመስልም ይጮሃል፤ ሦስት አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ ስጨርስም ይጮሃል። ያን ሁሉ ጩኸት እየሰማች፣ ጨርቁን በእጇ ይዛ፣ እኔን አይታ «እሺ» አለችኝ። ብርጭቆ አነሣሁና ደፋሁበት። ላብ አለበሰው። ከዚያ እሳቱን አጥፍቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እስኪመሽ አልተነሣሁም።

በማግስቱ ፉሪ ሄድኩ። ታምራት ቤቱን ለቆ ከእናቱ ጋር እዚያ ነው የሚኖረው፤ ቤዛን የምታሳድጋት እናቱ ናት። ልጅቷ ግቢ ውስጥ ገመድ ትዘላለች፤ የገመዱ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ታምራትን ከበሩ ውጭ ጠራሁት። ቆመን ነው የነገርኩት። መጭመቂያውን፣ ጆሮዬን፣ ብርጭቆውን፣ «አውርጂው» ማለቴን፣ ለባለሙያዎቹ የሰጠሁትን መልስ። የመጨረሻውን ለመናገር ግድግዳ ያዝኩ።

«መኪና ውስጥ ያለችኝን አልሰማኋትም፣ ልጄ። አንዲት ቃል አልሰማኋትም። ዝም ብዬ ነው አይዞሽ ያልኳት።»

ይሳደባል ብዬ ነበር የጠበቅኩት፤ ቢመታኝም እቀበል ነበር። አልጮኸም። ወደ ልጁ ዞሮ ትንሽ አያት። ከዚያ ድምፁን በጣም ዝቅ አድርጎ፣ ፊቱን ወደኔ ሳይመልስ፣

«ታዲያ እሷን ማን ይቅር አላት?» አለኝ።

ከንፈሩን አላየሁም። በጆሮዬ ነው የሰማሁት፤ እያንዳንዷን ቃል። «እግዜር ያውቃል» አላልኩም፤ ራሴንም አልነቀነቅኩም።